ሾፌር ከፊት፣ ረዳት ከኋላ

የዚያን ቀን ሰማዩ ራሱ የሚፈልገውን የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ጠዋት ፀሐይ፣ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ካፊያ፣ የዝናብ ልብስ ሲያወጡ ደግሞ እንደገና ፀሐይ። ደወል ካፖርቱን ሲለብስ ሲያወልቅ፣ ሲያወልቅ ሲለብስ ቆይቶ በመጨረሻ ተናደደ። «ወይ ዝነብ ወይ ተወው! ሰው መጫወቻህ ነው እንዴ?» ብሎ ሽቅብ ጮኸና አንድ እጁን አጥልቆ ሌላውን እንዳንጠለጠለ ጉዞ ጀመረ።

ደወል እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። የአውቶቡስ ረዳት ነበር። ዕድሜውን በር ላይ ተንጠልጥሎ የፌርማታ ስም ሲጣራ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል፣ የሰው ሻንጣ ሲያወጣና ሲያወርድ ነው የኖረው። ድምፁ እንኳን አውቶቡሱን ሊሞላ፣ መንገድ ተሻግሮ ቤቱ የተኛውን ስለሚቀሰቅስ ተሳፋሪው ይህን ስም አወጣለት። ዛሬ ምራቱ ሳትቀር «ጋሽ ደወል» ነው የምትለው።

ከፊቱ የሚሄደው ወፍራም ሰውዬ ደግሞ ሾፌሩ ነው፤ የእሱው ሾፌር። እነዚህ ሁለቱ አብረው ያልዞሩት ሰፈር፣ አብረው ያልተቀጡት ቅጣት የለም። ባለንብረቱ አውቶቡሱን ሸጦ ሁለቱንም ቤት ካስቀመጣቸው ወዲህ ግን የሚገናኙት ለቅሶና ሠርግ ላይ ብቻ ሆኖ ነበር።

አሁን ደወልን ግራ ያጋባው ነገር ይኸውላችሁ። ሾፌሩ በእግሩ የሚሄድ ሰው አይደለም። ክብሪት ሊገዛ ማዶ ሱቅ ድረስ የሰው መኪና ለምኖ የሚሄድ፣ «እግር የተፈጠረው ፔዳል ለመርገጥ ነው» የሚል ሰው ነው። ታዲያ በቀደም ድንገት ደወል ቤት ከች ብሎ፣ «ያ ተራራ ለተራራ የሚሄደው ረጅም የእግር መንገድ አለ አይደል? የመጀመሪያዋን ቀን ብቻ እንሂዳት» አለ። ጎረምሶች ድንኳን ተሸክመው ወር የሚከርሙበት መንገድ ነው እኮ! ደወል ሰውየው የታመመ መስሎት ግንባሩን ሊዳስሰው ምንም አልቀረው።

«ምን ልንሠራ?» አለው።

«ሥራ ከመጀመራችን በፊት እግራችን ይፍታታ።»

ደወል «ሥራ» የምትለዋን ሲሰማ ሌላውን ሁሉ ረሳው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ለተማሪዎች ማመላለሻ አውቶቡስ ሾፌርና ረዳት ትፈልጋለች። ሾፌሩን አግኝታዋለች፤ እሱም «ያለ ደወል መሪ አልጨብጥም» ብሏታል። ዛሬ ከሰዓት ደውላ ቁርጡን ትጠይቃለች፤ እሺ ካሉ ሰኞ ጠዋት ይጀምራሉ። ደወል ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋል? ቤት ከዋለ ጀምሮ ምራቱ እግር ስር ነው። ደግ ሴት ናት፣ ክፉ አይወጣትም፤ ግን ወለሉን ስትወለውል «ጋሽ ደወል፣ እግርዎን ትንሽ ያንሱልኝ» ባለችው ቁጥር ከወንበሮቹ ጋር የተቆጠረ እየመሰለው ሆዱ ይባባል። ደግሞ የልጅ ልጁ እዚያው ትምህርት ቤት ናት። «አያቴ የኛን በር ሊይዝ ነው» ብላ ለክፍሏ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

መንገዱ የሚጀምረው ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጥር ሥር ነው። በየድንጋዩና በየዛፉ ግንድ ላይ እጅ የምታህል ቢጫ ቀለም ተቀብታለች። ጎማ ጠጋኙ፣ «ቢጫውን ተከተሉ። ቢጫውን የተከተለ ሳይመሽ ማረፊያው ቤት ገብቶ ሻዩን ይጠጣል፤ ያልተከተለውን ግን እግዜር ይወቀው» ብሎ ሸኛቸው። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀና ከፊት ሆነ፤ ደወል ከኋላ። ማንም ተራ አላወጣላቸውም፤ ልማድ ነው።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ጫካው ውስጥ መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚያሳስብ ነገር የለም። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። ደወል ሲያወራ፣ ሾፌሩ «እህ» ሲል፣ ደወል ሲስቅ፣ ሾፌሩ «እህ» ሲል ቆዩ። ጫካው ሲያልቅ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። መሃሉ ላይ ትልቅ ቋጥኝ አለ፤ ቋጥኙ ላይ በር የሚያህል ቢጫ ቀስት ተስሏል፣ ወደ ግራ። ሾፌሩ ቋጥኙ ጋ ደረሰ፣ ገታ አለ፣ አንዳች ነገር የሚያዳምጥ መሰለ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ደወል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

እናንተ «ምነው አይናገርም?» ትሉ ይሆናል። አትፍረዱበት። ደወል ገና አፍላ ረዳት ሳለ፣ አንድ ቀን ትራፊኩ ቢጨናነቅ «ጋሼ፣ በታችኛው ብንሄድ አይሻልም?» ብሎ ነበር። ሾፌሩ አውቶቡሱን መንገድ መሃል አቆመ፣ ሞተር አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ተሳፋሪው ፊት ዘረጋለትና «እንካ፣ ና ንዳ» አለው። ተሳፋሪው ሳቀ፣ ከኋላ ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን አቀለጠው፤ ደወል መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሕጉ ታወቀ። ከመኪናው ዙሪያ ያለው፣ ልጁም፣ ብስክሌቱም፣ ጉድጓዱም፣ በሩም የረዳቱ ነው፤ ይጮኻል። ወዴት እንደሚሄዱ ግን የሾፌሩ ነው፤ ረዳት አይገባበትም።

ስለዚህ ደወል በሆዱ «አቋራጭ ያውቅ ይሆናል፤ ጠይቆ የመጣ ይሆናል» አለና ተከተለ። እንዲያውም ለማበረታታት፣ «ሳበው ጋሼ!» አለ። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ትከሻው ፈታ ብሎ ርምጃውን ጨመረ።

ከዚያ ወዲያ ቢጫ የሚባል ነገር ጠፋ። መንገዱ ጠበበ፣ የፍየል መሄጃ ሆነ፣ እሱም ሳር ውስጥ ገብቶ ቀረ። ጭጋጉ ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል ከታች ተነሥቶ ዋጣቸው። ደወል ከሾፌሩ ጀርባ ወዲያ ያለውን ማየት አቃተው። ፊቱን ወዴት እንዳዞረ፣ ሽቅብ ይሂድ ቁልቁል፣ ጠፋበት። ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ብልጭ ስትል «እሺ፣ ምሥራቅ ያ ነው» ይላል፤ ወዲያው በግራ በኩል ብልጭ ትላለች። ሾፌሩ ግን ወይ ፍንክች፤ ቀጥ ብሎ እንደ ከተማ አስፋልት ይገሰግሳል። «ይህ ሰው በጭጋግ የሚያይ ዓይን አለው እንዴ?» እያለ ደወል ይደነቃል፣ ይፈራል፣ መልሶ በሚፈራው በራሱ ያፍራል።

ድንገት ሾፌሩ አንድ እግሩን አንሥቶ አየር ላይ ሊያሳርፈው ሆነ። ታች ውሃ ይጮኻል። ደወል ምን እንዳየ ሳያውቅ እጁ ብቻ ቀድሞ የሾፌሩን ቦርሳ ማንገቻ ጨመደደና ወደ ኋላ ጎተተው። ሁለቱም እርጥቡ ሳር ላይ በጀርባቸው ዘጭ አሉ። ጭጋጉ ትንሽ ሲገለጥ አዩት፤ ገደል ነው፣ ሥሩ የማይታይ።

መጀመሪያ አፉ የተፈታው ሾፌሩ ነበር። «አንተ! ለምን አትነግረኝም?»

«ምኑን ልንገርህ?»

«መንገዱን ነዋ! ቢጫው የት ሄደ? ጠዋት ሙሉ አፍህን ጠብቄ! አንድ ነገር ቢኖር ትጮኽ ነበር ብዬ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፣ አንተ ጭራሽ ሳበው ትለኛለህ!»

ደወል ደነገጠ። «ጋሼ፣ ቋጥኙ ላይ እኮ በር የሚያህል ቀስት አለ። አጠገቡ ቆመህ አይተኸው የለ?»

«የቱ ቋጥኝ?» አለ ሾፌሩ።

ደወል የሰማውን ነገር ከየትኛው ጫፍ እንደሚይዘው ቸገረው። ሰውየው ሊያሾፍበት ነው? ደንግጦ ነው? ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ከጭቃው ያራግፍ ጀመር፤ ጭቃው ግን በጎን በኩል ነበር፣ እሱ የሚያራግፈው ንጹሑን ነው።

«መሃሉ ጠፍቶብኛል» አለ ሾፌሩ ቀስ ብሎ። «ዳር ዳሩን አያለሁ። አንተን ሳይህ ጆሮህን አያለሁ፣ ፊትህ ግን የለም። ላንተ ጭጋጉ አሁን መጣ፤ እኔ ጋ ፀሐይም ቢሆን አይነሣም። ሐኪሙ መነጽር አይረዳውም አለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አውቶቡሱ ሳይሸጥ በፊት።»

«እና ስትነዳ እንዴት…»

«አንተ ነበርካ!» አለ ሾፌሩ። «ልጅ ሲገባ ትጮኻለህ፣ ብስክሌት ሲመጣ ትጮኻለህ፣ ቀዩ ሲበራ የተሳፋሪው ማጉረምረም ይነግረኛል። ሰፈሩን በእጄ ነው የማውቀው። መንጃ ፈቃዴ ገና አልተቃጠለም። እዚህ ያመጣሁህም ለዚሁ ነው፤ በማላውቀው መንገድ ባንተ ድምፅ ብቻ መሄድ እችል እንደሆነ ሰው በማይሞትበት ቦታ ልሞክረው ብዬ።»

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሉ የለ? ደወል ተናደደ። ቢናደድ ሊደንቅ ነው? ያንን ሁሉ ዘመን ዓይነ ስውር በሚነዳው አውቶቡስ በር ላይ እንደ አሸናፊ እየዘፈነ መንጠልጠሉ ታወሰው። ወዲያው ደግሞ ሰውየውን አየው፤ ያ ግርማ ሞገሱ ተገፎ፣ ሳር ላይ ተዘርፍጦ፣ ንጹሑን ባርኔጣ ሲያራግፍ። አንጀቱን በላው። መቆጣቱንም ማዘኑንም አንድ ላይ አደረገው፤ የቱን ማስቀደም እንዳለበት አላወቀም።

«ተነሣ» አለው በመጨረሻ። «ወደ ቋጥኙ እንመለስ። እኔ እጠራለሁ፣ አንተ ትሄዳለህ።»

ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለ አካሄድ ሆነ መሰላችሁ! «ግራ በል! ድንጋይ አለ፣ እግርህን አንሣ! ዝቅ በል፣ ቅርንጫፍ! አሁን ቀጥ፣ ሳበው!» ደወል ሲጮኽ ሾፌሩ ሳያመነታ ይፈጽማል። ጭጋጉ ሳሳ ሲል ቋጥኙ ጋ ደርሰው ወደ ግራ ታጠፉ። በረዶ መጣ፤ ጭንቅላታቸው ላይ ዳቦ ደፍተው ሮጡ፤ ማለቴ፣ ዳቦ የያዘውን ቦርሳ። ወንዝ መጣ፤ በድምፅ ብቻ ድንጋይ ለድንጋይ አሻገረው። ቢጫዎቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ደወልም ልክ እንደ ፌርማታ ስም ይጠራቸዋል። «ዛፉ ላይ ያለው!» «ድንጋዩ ላይ ያለው!» «አጥሩ ላይ ያለው፣ ወራጅ የለም፣ ቀጥል!» ሾፌሩ ከልቡ ሳቀ። ደወል ቤት ከዋለ ጀምሮ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ደረቱ ሰፋ፣ ድምፁ ከተራራው ተመትቶ ሲመለስለት ደግሞ ባሰበት።

«አየኸው አይደል?» አለ ሾፌሩ እያለከለከ። «ገደሉንና ጭጋጉን በዚህ ያለፍን፣ የከተማ መንገድ ያቅተናል?»

ደወል አሰበው። እውነት አያቅታቸውም ይሆናል። ሠርቷል እኮ! ገና ቅድም «ዓይነ ስውር ሾፌር» ብሎ የተናደደው እሱ ራሱ አሁን «ለምን አይሆንም?» ሲል ራሱን ያዘው። የትኛው ነው እሱ? ሁለቱም አሳማኝ ነበሩ። የልጅ ልጁ በመስኮት ስታውለበልብለት ታየው፤ ምራቱ ወለሉን ስትወለውል ደግሞ ታየው። «እኔ ካለሁ ምን ይሆናሉ?» አለና ሐሳቡን ዘጋው። እንደ ዘጋው ግን አልተዘጋም።

ከዚያ ፀሐይዋ ወጣች፤ ያለ ማጭበርበር፣ ወለል ብላ። መንገዱ ሰፊ፣ ደልዳላ፣ እንደ አዳራሽ የጠራ ነበር። ደወል የሚጠራው ነገር ሲያጣ ወሬ ያዘ። ያቺ አውራ ዶሮዋን በሻሽ ጠቅልላ «ሕፃን ነው፣ አይከፈልለትም» ብላ የተሳፈረችዋን ሴትዮ አነሣ። «ከዚያ ዶሮው ልክ ፖሊሱ አጠገብ ሲደርስ…» እያለ፣ እያስመሰለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ አውራ ዶሮ ሊጮኽ አንገቱን ሲያሰግግ፣ ሌላ ጩኸት ቀደመው።

ትንሽ ልጅ ነበረች። መንገዱ መሃል ቁጢጥ ብላ የቀረውን በረዶ እየለቀመች ነበር፤ እናቷ ከኋላ ጫማዋን ታስራለች። ሾፌሩ በዚያ ግዙፍ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ሄዶ በጉልበቱ አገጯን መታት። ልጅቷ ወደ ጎን ተሽቀንጥራ ቁልቁል ተንከባለለች፤ ቁጥቋጦ ያዛት። ሾፌሩ «ምንድነው? ምን ነካሁ?» እያለ በሁለት እጁ አየር ይዳብስ ነበር።

ደወል ወርዶ አነሣት። አገጯ ተሰንጥቆ ደም ያንጠባጥባል፤ ጭብጧ ግን በረዶውን አልለቀቀችም። የልጅ ልጁን ታህላለች። እናቷ ደርሳ አቀፈቻት፣ ቁስሉን በመሐረብ ያዘችና፣ «ይቅርታ አባቶቼ፣ ጥፋቱ የኛ ነው፤ መንገድ መሃል ተቀምጣ አላያችኋትም» አለች። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት! ያ ሦስት ሰፈር የሚሰማ ድምፅ አንዲት ቃል ማውጣት ተሳነው።

እናትና ልጅ ከሄዱ በኋላ ሾፌሩ፣ «አልነገርከኝም» አለ።

«አልነገርኩህም።»

«ወሬ ይዘህ ነው።»

«ወሬ ይዤ ነው።»

«እንግዲህ ሥራ ላይ ወሬ የለም፤ በቃ! ሰኞ አፍህን ሰብስበህ መንገድ መንገዱን ታያለህ።»

ደወል ሰው ነው፤ ያስነጥሰዋል፣ ልጅ ያለቅስበታል፣ ቦርሳ ይወድቅበታል፣ ሳቅ ይመጣበታል። ያን ሁሉ ዘመን አለመሳሳቱ ችሎታ ነበር ወይስ ዕድል? ወደ ኋላ መለስ ብሎ ያለፉትን መንገዶች ሁሉ ሊቆጥር ፈለገና ፈራ። ሾፌሩ ከፊቱ ሆኖ «በል ጥራ» ሲለው ጠራ፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ሆኖበት ነበር።

ማረፊያው ቤት ደረሱ። የድንጋይ ቤት፣ ደጁ ላይ ረጅም አግዳሚ። ሻይ ቀረበላቸው። ደመናው አንዴ ይጨልማል አንዴ ይበራል። ገና ሁለት ጊዜ ፉት እንዳሉ የሾፌሩ ስልክ ጮኸ። ሾፌሩ አውጥቶ ወደ ጆሮው አስጠጋውና መስታወቱን በጎን ሲያይ ቆይቶ ለደወል ሰጠው። «ማን ነው?»

«ዳይሬክተሯ ናት።»

«አንሣውና ሰኞ እንመጣለን በላት። እጄ ሻይ ይዟል።»

ደወል አነሣው። ሴትዮዋ ደግ ድምፅ አላት። «እንዴት ናችሁ? ወላጆች እየጠየቁኝ ነው፤ ሰኞ ልጠብቃችሁ?» አለች። ደወል እሺ ሊል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እሺ ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። ከአፉ የወጣውን የሰማው ልክ ከሾፌሩ ጋር እኩል ነው።

«ሾፌሩ አያይም እመቤቴ» አለ። «ዓይኑ አያይም። ልጆቹን አትስጪን። ለእኔም ቢሆን አትስጪ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴትዮዋ ብዙ ጠየቀች፤ ደወል «አዎ» እና «አይደለም» እያለ መለሰና ስልኩን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። ስድቡን ጠበቀ። ሾፌሩ አልሰደበውም። ሻዩን እስከ አተላው ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ባርኔጣውን አጠለቀ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያነሣ ተነሥቶ ሄደ። ከቤቱ በታች መንገዱ እንደገና ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ተራራው ይቀጥላል፣ ሌላው መኪና ወደሚገኝበት አስፋልት ይወርዳል። ሾፌሩ መከፈያው ላይ ቆመ። ጀርባውን እንደሰጠ ቆመ።

ደወል አየው። አይዞርም፤ አይጠይቅምም። ቢሞት አይጠይቅም። ካፊያው ጀመረ፤ ሰውየው ንቅንቅ አላለም። ደወል ከአግዳሚው ተነሣ፤ መብት ይኑረው አይኑረው ሳያውቅ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦

«በቀኝ ነው ጋሼ! አስፋልቱ በቀኝ ነው!»

ሾፌሩ ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጠፈና መውረድ ጀመረ። ደወል ሁለቱንም ቦርሳ አንግቦ፣ ካፖርቱን በአንድ እጁ እየጎተተ ከኋላው ሮጠ።